ማሲንቆና ክራር ባንድ ሲገቡ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከአዝማሪ ቤት ወይም ከሰርግ ድንኳን ወጥተው ባንድ የገቡ ተጫዋቾች የሚልኩልን ጥያቄ እየበዛ መጥቷል። ከዚህ ወር ደብዳቤዎች ሰባቱን መርጠናል። መልሶቹን የጻፍነው መሣሪያውን በእጁ ይዞ ለሚያነብ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ማሲንቆ ስጫወት የኖርኩት አዝማሪ ቤት ነው። አሁን ኪቦርድ፣ ቤዝ ጊታርና ድራም ካለው የሰርግ ባንድ ጋር ጀምሬያለሁ። ድምፄ ከፍ ሲደረግ ስፒከሩ ይጮኻል፤ ሲቀነስ ማሲንቆዬ ጭራሽ አይሰማም። ተለጣፊ ፒክአፕ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ድምፅ መቀበያ) ገዝቼ ቆዳው መሀል ላይ ብለጥፈው ጉምጉምታ ብቻ ሆነብኝ። ምን ይሻላል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ጥፋቱ የፒክአፑ ቦታ ነው። የማሲንቆ ቆዳ ድምፅ እንደሚያወጣ ሁሉ ድምፅ ይቀበላል። ከሞኒተር (ወደ ተጫዋቹ ከዞረው ስፒከር) የሚመጣው ድምፅ ቆዳውን ያርገበግበዋል፤ ፒክአፑ ይህንኑ ተቀብሎ ወደ ሚክሰር ይመልሰዋል፤ ዙሩ ሲደጋገም ጩኸት ይሆናል። መሀሉ ደግሞ ቆዳው ከሁሉም አብልጦ የሚርገበገብበት ስፍራ ነው፤ ጉምጉምታውም ጩኸቱም የሚመጡት ከዚያው ነው።

ፒክአፑን በጥንቃቄ ይንቀሉትና በጥቂት ሰም ለጊዜው እያጣበቁ ሦስት ቦታ ይሞክሩት፦ በሳጥኑ እንጨት ጠርዝ ላይ፣ ከጠርዙ ሁለት ጣት ገባ ብሎ ቆዳው ላይ፣ ከዚያም ብርኩማው (አውታሩን ከቆዳው የሚያነሣው እንጨት) እግር አጠገብ። እንጨቱ ላይ ሲሆን ድምፁ ይሳሳል፣ ግን ቶሎ አይጮኽም። ብርኩማው አጠገብ ሲሆን ድምፁ ይሞላል፣ ግን የደጋኑ ፍቀት ሁሉ አብሮ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስማማው መካከለኛው ነው። ቦታው ሳይለይልዎት ሱፐር ግሉ አያስነኩት፤ ቆዳ ላይ ከደረቀ በኋላ ሲነቀል ቆዳውን ይዞ ይመጣል።

ቀጥሎ ገመዱ ነው። ፒዬዞ የሚባለው ይኸው ተለጣፊ ፒክአፕ በቀጥታ ሚክሰሩ የማይክ መግቢያ ላይ ሲሰካ ወፍራሙን ድምፅ ያጣና ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፤ የሚፈልገው 1 ሜጋኦም ገደማ የሆነ መግቢያ ነው። ስለዚህ በመካከል የአኩስቲክ ጊታር ፕሪአምፕ (ድምፁን ለሚክሰር የሚያዘጋጅ ማጉያ) ወይም ይህንኑ ሥራ የሚሠራ አክቲቭ ዲ አይ ቦክስ ያስገቡ። ከፒክአፑ እስከ ፕሪአምፑ ያለው ገመድ በተቻለ መጠን አጭር ይሁን፤ 3 ሜትር ይበቃል።

ሚክሰሩ ላይ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን በሙሉ ያስቆርጡ፤ እዚያ ያለው የመድረክ ዳናና የቤዝ ጊታር ንዝረት ነው። ከዚያ ሰርገኛው ሳይገባ፣ እርስዎ አውታሩን በእጅዎ ይዘው ዝም ብለው ተቀምጠው፣ ባለሙያው የማሲንቆውን ድምፅ ቀስ እያለ እስኪያፏጭ ድረስ ከፍ ያድርግ። የሚያፏጨውን ቦታ በኢኳላይዘር ፈልጎ በጠባቡ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ይቀንስ፤ በቆዳ መሣሪያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከ200 እስከ 500 ኸርዝ ባለው ውስጥ ነው። ሁለት ቦታ ከቀነሰ ይበቃል፤ አምስት ስድስት ቦታ ከተቆረጠ የሚቀረው ማሲንቆ አይደለም። የቆዳው ፊት ወደ ሞኒተሩ እንዳይዞር ወንበርዎን ጠመም አድርገው ያስቀምጡ። ፕሪአምፑ ላይ «ፌዝ» የሚል ቁልፍ ካለ አንዴ ይጫኑት፤ አንዳንድ አዳራሽ ውስጥ ጩኸቱን ያለ ምንም መቁረጥ ያስታግሳል።

ደጋኑን ዕጣን የሚቀቡት እንደ አዝማሪ ቤቱ ከሆነ ይቀንሱ። ያለ ማይክ ድምፅ የሚያወጣልዎት ያ ሻካራነት ፒክአፕ ውስጥ ሲገባ ጆሮ ይበሳል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚሠራው ግን ከኪቦርድ ተጫዋቹ ጋር መነጋገር ነው። እርስዎ የሚጫወቱትን ዜማ እሱም በዚያው ከፍታ በቫዮሊን ድምፅ ከደገመው፣ ምንም ፒክአፕ ቢገዙ አይሰማም። ወይ አንድ ኦክታቭ ወርዶ ይያዝ፣ ወይ እርስዎ ሲገቡ እጁን ያንሳ።

ጥያቄ፦ በቆዳ የተለበጠ ክራሬ ላይ የጊታር ብረት አውታር አስገብቼ ማግኔት ፒክአፕ ላስገጥም ነው። ባለሙያው «ይጎብጣል» ብሎ አስፈራራኝ። እውነት ነው? (ከአዲስ አበባ፣ መርካቶ)

መልስ፦ እውነቱን ነው፤ ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው። የአውታርዎ ርዝመት 50 ሴንቲሜትር ቢሆንና መካከለኛው ሲ ላይ ቢቃኙት፣ 0.6 ሚሊሜትር የሆነ የዓሣ ማጥመጃ ናይሎን ከ2 ኪሎ ትንሽ በለጥ ያለ ጉተታ አለው። 0.3 ሚሊሜትር ብረት በዚያው ድምፅ 4 ኪሎ ይጎትታል። ስድስቱም ይኸው 0.3 ሚሊሜትር ብረት ሆነው ከሲ እስከ ላይኛው ሲ በሙሉ ትዝታ ሲቃኙ ድምሩ ወደ 50 ኪሎ ይጠጋል። ይህን የሚሸከሙት ቀንበሩና ሁለቱ ቋሚዎች ናቸው፤ ብርኩማው ደግሞ ቆዳውን ወደ ታች ይጫነዋል። መጀመሪያ የሚታየው ብርኩማው መስመጡ ነው፤ አውታሮቹ ቆዳው ላይ ይቀርቡና ይንጫረራሉ። ቀጥሎ ቀንበሩ ይጎብጣል። ቆዳው የሚቀደደው መጨረሻ ላይ ነው።

በብረት ይሁን ካሉ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቅኝቱን ማውረድ ነው፦ ከሲ ወደ ኤ ሦስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ጉተታው 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሁለተኛውና እኛ የምንመክረው፣ የቆዳውን ክራር በናይሎንና በፒዬዞ ትቶ ለብረቱ ፊቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ የሆነ ባለ ሳጥን ክራር ማሠራት ነው። ማግኔት ፒክአፕ ናይሎንም ጅማትም አይሰማም፤ የሚሰማው ብረት ብቻ ነው። ሲገዙ ስድስት ነጥብ ያለውን ሳይሆን አንድ ወጥ ብረት ያለውን ይምረጡ፤ የክራር አውታሮች አቀማመጥ ከጊታር ነጥቦች ጋር አይገጥምምና አንዱ አውታር ጎልቶ ሌላው ይጠፋል። ከአውታሩ እስከ ፒክአፑ ያለው ክፍተት ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ይሁን።

ቀንበሩ ላይ የሚጠመጠመው የጨርቅ ማጥበቂያ ብረት አይዝም፤ ይንሸራተታል። የጊታር መቃኛ ማስገጠም ይኖርብዎታል፣ ያን ጊዜ ክራሩ ወደ ላይ ይከብዳልና ማንገቻ ያዘጋጁለት።

ማንም የማይነግርዎት ነገር የእጅ ጉዳይ ነው። በግርፍ (አውታሮቹን በአንድ ላይ እየመቱ) ሲጫወቱ የማይፈለጉትን አውታሮች በግራ እጅዎ ጣቶች ያፍናሉ። ናይሎን ቶሎ ስለሚሞት ጣትዎ ትንሽ ቢዘገይ አይታወቅም። ብረት ግን ረጅም ጊዜ ያቃጭላል፤ የተሳሳተው አውታር ከኮርዱ በላይ ሲጮኽ ይሰማሉ። ብርኩማው አጠገብ ከአውታሮቹ ሥር ቀጭን ስፖንጅ ማስገባት ብዙ ያቃልላል። ለድርደራ (አውታሮቹን አንድ በአንድ ለመንካት) ሲሆን ያውጡት።

ጥያቄ፦ ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። ከአንድ አዝማሪ ጋር መሥራት ጀምሬ ትዝታውን እንደምንም እንስማማለን፤ አምባሰልና አንቺሆዬ ላይ ግን «አበላሸኸው» ይለኛል። ኮርዶቼ ትክክል ናቸው። የሱ ጆሮ ነው የኔ? (ከአዳማ)

መልስ፦ የእሱ ጆሮ ልክ ነው፤ ኮርዶችዎም በሌላ ሙዚቃ ልክ ናቸው። ችግሩ ኮርዱ ቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ ይዞ መግባቱ ነው። ከሲ ተነሥተን አንድ በአንድ እንያቸው።

ሙሉ ትዝታ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ውስጡ ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር ሙሉ ሆነው ይገኛሉ። ኤፍ ሜጀር ሲጫኑ ኤፍ ከውጭ ገባ፣ ጂ ሜጀር ሲጫኑ ቢ ገባ። ጆሮ የለመደው ስለሆነ ትዝታ ላይ ይታለፋል፤ «እንደምንም» ያሉት ይህን ነው። ግማሽ ትዝታ ላይ ኢና ኤ ፍላት ይሆናሉ፤ የሚገኙት ሲ ማይነርና ኤ ፍላት ሜጀር ናቸው። ባቲ ማይነር (ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት) ሲ ማይነርንና ኢ ፍላት ሜጀርን ይሰጥዎታል። ባቲ ሜጀር (ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ) ደግሞ ሲ ሜጀርንና ኢ ማይነርን።

አምባሰል ላይ ነገሩ ይጠብቃል። ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። በሲ ላይ ሜጀርም ማይነርም አይሠራም፤ ኢም ኢ ፍላትም የሉም። የሚገኙት ሙሉ ኮርዶች ኤፍ ማይነርና ዲ ፍላት ሜጀር ናቸው። ወጥመዱ ይኸው ነው፦ ኤፍ ማይነርን ደጋግመው ሲይዙ የሰሚው ጆሮ ኤፍን ቤት ያደርገዋል፤ አዝማሪው ሲ ላይ ሲያርፍ ያልጨረሰ ይመስላል። እሱ በትክክል አርፏል፤ ወለሉን ያነሡበት እርስዎ ነዎት። በግራ እጅዎ ሲና ጂን ብቻ ይያዙ፣ ዲ ፍላት ሜጀርን ወደ ሲ ለመመለስ ብቻ ጣል ያድርጉት፣ ኤፍ ማይነርን ደግሞ መጨረሻ ላይ በፍጹም አይጠቀሙበት።

አንቺሆዬ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። ጂ የለም። ስለዚህ አምባሰል ላይ ያዳነዎት ሲና ጂ እዚህ ላይ ራሱ ስህተት ነው። ሲን ለብቻው በኦክታቭ ይያዙ፤ ቀሪውን ለቤዝና ለከበሮ ይተዉ። ያም ሆኖ የሚያስጨንቅ ነገር ይቀራል፦ አዝማሪው ዲ ፍላቱንና ጂ ፍላቱን የሚያስቀምጠው ኪቦርዱ ካስቀመጠበት ትክክለኛ ቦታ ላይ ላይሆን ይችላል። ማሲንቆ እንደ ጊታር ድምፅ የሚለይ መደብ የለውም፤ ጣቱ አውታሩን ከጎን ይነካል እንጂ አንገቱ ላይ አይጫነውም፤ ድምፁን የሚወስነው ጆሮው ብቻ ነው። ኪቦርድዎ የመካከለኛው ምሥራቅ ገበያ ታስቦ የተሠራ ዓይነት ከሆነ፣ እያንዳንዱን ድምፅ ለይቶ ዝቅ ከፍ ማድረጊያ አለው፤ አዝማሪው ክፍት አውታሩን ይዞ ድምፆቹን አንድ በአንድ ያሰማዎት፣ እርስዎም እየሰሙ ያስተካክሉና ሴቭ ያድርጉት። ይህ ከሌለዎት እነዚያን ሁለት ድምፆች በዜማ አይድገሙ።

ችክችካውን በድራም ማሽን የሚይዙ ከሆነ ደግሞ፦ ማሽኑ ለማሲንቆው ይገዛ እንጂ ማሲንቆው ለማሽኑ አይገዛ። ፍጥነቱን አዝማሪው በሚዘፍንበት ልክ ይያዙ፤ መጀመሪያ ያለ ምት አንድ ስንኝ ያስብሉትና ከዚያ ቁጥሩን ያስተካክሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ ከአባቱም ከአያቱም ማሲንቆ የወረሰ ነው። አሁን ኪቦርድ ገዝቶ ማሲንቆውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ባህሉ እየጠፋ ነው ማለት ነው? (ከጎንደር አካባቢ፣ አንድ እናት)

መልስ፦ እናታችን፣ ኪቦርዱ ብቻውን አያስፈራም። እነዚህ መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ላይ ተሰባስበው መጫወታቸው ራሱ አዲስ ነገር ነበር፤ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በ1963 እ.ኤ.አ. ግብፅ ተወልዶ አሜሪካ በኖረው የሙዚቃ ሰው ሃሊም ኤል ዳብ አማካይነት ሲቋቋም፣ ኋላም በተስፋዬ ለማ ሲመራ፣ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና በገና በአንድ ላይ ተቃኝተው መጫወታቸው ያኔ ያልተለመደ ነበር። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በቴነር ሳክስፎን አምጥቶ ሽለላነቱን አላሳጣውም። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮንን፣ ያውም ኪቦርድ ከገበያ ያስወጣውን መሣሪያ፣ ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር ዋሽንግተን ላይ ቀዳው፤ ያ ካሴት ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ በውጭ አገር እንደገና ታትሞ ፈላጊ አገኘ። መንገዱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄድም።

የሚያሳስበው የግድግዳው ነገር ነው። የማሲንቆ እጅ ሲተዉት ቶሎ ይሄዳል፤ መጀመሪያ የሚጠፋው ደጋኑን ሳያቋርጡ አቅጣጫ መቀየር ነው። በቀን 20 ደቂቃ ይበቃዋል፤ በኪቦርዱ የቀዳውን ላይ በማሲንቆ ይጫወትበት። የተሰቀለ ማሲንቆም አውታሩ ላልቶ ይሰቀል፣ ምድጃና ፀሐይ ካለበት ግድግዳ ይራቅ። ኪቦርድ ውስጥ ያለውን የማሲንቆ ድምፅ በመድረክ ላይ የሚጠቀም ከሆነ ግን ይቆጡት፤ ተንሸራትቶ መሄድ ስለማይችል የሚያሳጣው እራሱን ነው። ትምህርት ከፈለገ፣ የቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ማሲንቆን ከፒያኖ ጋር ጎን ለጎን ያስተምራል።

ጥያቄ፦ ከባንድ ጋር ስሆን «ተቀበል» ማለት፣ ታዳሚው የሚሰጠኝን ስንኝ ተቀብሎ መዝፈን፣ አልተቻለም። ታዳሚው ስንኝ ሲሰጠኝ ባንዱ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፍና ጥሎኝ ይሄዳል። (ከደብረ ታቦር)

መልስ፦ ባንዱ ዘፈኑን በቁጥር ስለያዘው ነው፦ ሁለት ግጥም፣ አዝማች፣ ሙዚቃ። ተቀበል ግን ቁጥር የለውም። ስለዚህ ከዘፈኑ መካከል በሩ ክፍት የሆነ ክፍል ይሥሩለት። ቤዝና ከበሮ አራት መስመር የሆነ አጭር ዙር ይዘው ይሽከርከሩ፤ ኪቦርድ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፤ ድራሙ ከነበረበት በግማሽ ይቀንስ። የታዳሚው ድምፅ ማይክ ስለሌለው ባንዱ ካልቀነሰ ስንኙን እርስዎ ራስዎ አይሰሙትም፤ ያልሰሙትን ስንኝ ደግሞ አሳምረው መመለስ አይቻልም፣ ሰጪውም ይቀየማል፣ ሽልማቱም ይቀራል።

ምልክቱ አንድና የማያሻማ ይሁን፦ ደጋኑን ከአውታሩ አንሥተው ወደ ላይ ሲያደርጉ «ከዚህ ዙር በኋላ አዝማች» ማለት ይሁን። በጭንቅላት መነቅነቅ አይስማሙ፤ ሲዘፍኑ ሁልጊዜ ይነቀንቃሉና። ድራም ተጫዋቹ እርስዎን የሚያይበት ቦታ ላይ ይቀመጥ። ፉከራና ሽለላ ከሆነ ደግሞ ምቱ ጨርሶ ይቁም፤ ቤዙ መነሻውን ድምፅ ብቻ ይዞ ይጠብቅዎት።

ጥያቄ፦ ከአገር ቤት ያመጣሁት ክራር እዚህ ክረምት ሲገባ ቅኝቱ ብቻውን ይወጣል፤ ቆዳው ጠርዝ ላይ ሊሰነጠቅ ነው። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ የቤት ማሞቂያው አየሩን ያደርቀዋል፤ ቆዳው ይኮማተራል፣ ብርኩማው ይነሣል፣ አውታሩ ይወጠራል። ክፍሉን ከ40 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ላይ ያቆዩት፤ መለኪያውም እርጥበት ሰጪውም ርካሽ ናቸው። ከተጫወቱ በኋላ አውታሮቹን አንድ ሙሉ ድምፅ ያላሏቸው፤ ጉተታው ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይቀንሳል። ቆዳውን ቅቤም ዘይትም አይቀቡ፤ ይለሰልስና ድምፁ ይሞታል። በመኪና ሻንጣ ውስጥም አይደር። አገር ቤት ክረምት ላይ ተቃራኒው ነው፤ ቆዳው ይረግብና ድምፁ ይታፈናል፤ ለዚያ ፀጉር ማድረቂያን ከ30 ሴንቲሜትር ርቀት፣ በዝቅተኛ ሙቀት ጥቂት ማሳየት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ዋሽንቴ ከኪቦርዱ ጋር ለጥቂት አይገጥምም። ጫፉን ልቁረጠው? (ከደሴ)

መልስ፦ መቁረጡን መጨረሻ ላይ ያድርጉት፤ ሸምበቆ ከተቆረጠ በኋላ አይቀጠልም። በመጀመሪያ ወደ ላይ ነው የወጣው ወይስ ወደ ታች የወረደው የሚለውን በስልክ መቃኛ ይለዩ፤ ሲለዩም ዋሽንቱን ሁለት ሦስት ደቂቃ ነፍተው ካሞቁት በኋላ ይሁን። በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት የግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ይለወጣል፤ በጠዋት ልምምድ የገጠመው ማታ በሞቀ አዳራሽ የሚወጣው በዚህ ነው። ወደ ታች የወረደ ከሆነ ከታችኛው ጫፍ በ2 በ2 ሚሊሜትር እየሞረዱ ያሙቁትና ይለኩ። ወደ ላይ የወጣ ከሆነ ሞረዱ አይረዳዎትም፤ አንድ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ የወጣው፣ ቀዳዳውን በላይኛው በኩል በጥቂት ሰም ያጥብቡት። ሁሉም እኩል ከወጡ ኪቦርዱ ማስተር ቱኑን (አጠቃላይ መቃኛውን) ከ440 ወደ 443 ወይም 444 ያንሣልዎት፤ ቤዝ ጊታሩም ተከትሎ ይቃኝ፣ ማሲንቆና ክራር ካሉ እነሱ አይቸገሩም። በየቅኝቱና በየመነሻው ልክ አራት አምስት ዋሽንት መያዝ ግን የማይቀር ነው፤ አራት ቀዳዳ ያለው አንድ ዋሽንት ዘፋኙ መነሻውን በቀየረ ቁጥር አብሮ ሊቀይር አይችልም።